ብርሃን የሌለው አዳራሽ፣ ፊት የሌላቸው ስፖርተኞች

ስለ ስፖርታችን ሲወራ ስለ ሜዳ ይወራል፣ ስለ አሰልጣኝ ይወራል፣ ስለ ፌዴሬሽን ምርጫና ጭቅጭቅ ይወራል። ስለ አምፖል የሚያወራ ግን የለም። አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር አንድ ፎቶ አንሺ ለዓመታት ስለ አምፖል ሲያወራ ኖሯል። የሚሰማው ሲያጣ አሁን አሁን ትቶታል። ታሪኩ ግን መነገር አለበት፤ ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ሰው የካሜራ ጣጣ ብቻ አይደለም።

ሰውየው እንጀራውን የሚበላው ከሠርግ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሠርግ፣ በመሃሉ ምርቃት፣ ልደት፣ ክርስትና። ስፖርት የሚያነሳው ለፍቅሩ ነው። በልጅነቱ መረብ ኳስ ይጫወት ነበር፤ ቁመቱ እንቢ ሲለው ከሜዳው ዳር ቀረ፣ ከዳር ቀርቶም ካሜራ ያዘ። የቤት ውስጥ ውድድር አለ ሲባል፣ መረብ ኳስ ይሁን ቅርጫት ኳስ ወይም ቴኳንዶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ይሄዳል። የሚከፍለው የለም። አንዳንዴ የክለብ መሪ «እስቲ ለፌስቡካችን ሁለት ሦስት ፎቶ ላክልን» ይለዋል፣ ይልካል፣ ስሙ ሳይጠቀስ ይለጠፋል። በዚህ ተቀይሞ አያውቅም።

የሚያዘወትረውን አዳራሽ ስም መጥራት አያስፈልግም። ያላወቀው አንባቢ የሚመስለውን ያውቃል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው ከወገብ በታች አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ አንድ ወቅት ነጭ የነበረ። ከላይ በአንድ ወገን ብቻ ረድፍ መስኮት አለ። ከጣሪያው ላይ ሃያ ትልልቅ አምፖሎች ተሰቅለዋል። ሰውየው በገባ በወጣ ቁጥር ይቆጥራቸዋል፤ ሃያውም በርተው ያየበት ቀን የለም። ዘጠኝ የበሩ ቀን ጥሩ ቀን ነው። የተቃጠሉት አይተኩም፣ ያልተቃጠሉትም «ቆጣሪ ይበላል» ተብለው ግማሾቹ ይጠፋሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ለአዳራሹ ኃላፊ ሄዶ ነገራቸው። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሻይ ጋበዙት። ከዚያ እንዲህ አሉት፦ «ወንድሜ፣ ተጫዋቾቹ እኮ ያያሉ። ኳሱም ይታያል። ያልታየው ላንተ ካሜራ ብቻ ነው።»

እውነታቸውን ነው፣ በከፊል። የሰው ዓይን ቻይ ነው። ከፀሐይ ወደ ጓዳ ስንገባ ትንሽ ቆይቶ ይለምደዋል፣ ጨለማውንም እንደ ብርሃን ይቆጥረዋል። ካሜራ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ዓይኑን ገልጦ በሚዘጋባት ቅጽበት የገባለትን ብርሃን ብቻ ይመዘግባል። ስፖርት ደግሞ ያቺን ቅጽበት እጅግ አጭር ያደርጋታል። ዘላ የምትመታ ልጅ እጇ እንዳይደበዝዝ ካሜራው ዓይኑን ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ለሚበልጥ ጊዜ መግለጥ የለበትም።

ሰውየው አንድ ቀን የብርሃን መለኪያ ተውሶ ሜዳውን ዞረ። የብርሃን መጠን የሚለካው በሉክስ ነው። አውሮፓውያን ለስፖርት መብራት ባወጡት ደረጃ እንደ መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ ላሉ ጨዋታዎች ለልምምድና ለትምህርት ቤት 200 ሉክስ፣ ለክለብ ውድድር 500፣ ለከፍተኛ ውድድር 750 ሉክስ ይጠየቃል። ቴሌቪዥን ካለ ከዚህም ይጨምራል። በዚህ አዳራሽ፣ የሀገሪቱ ምርጥ ክለቦች በሚጫወቱበት ሜዳ፣ መረቡ ሥር 150 አገኘ። ማዕዘኑ ላይ 90።

ሒሳቡ እንዲህ ይሄዳል። በ150 ሉክስ፣ በሰከንድ አንድ ሺህኛ፣ እስከ 2.8 የሚከፈት ጥሩ ሌንስ የያዘ ሰው የካሜራውን አይኤስኦ ወደ 12800 ማድረስ አለበት። ያው ሌንስ 750 ሉክስ ባለበት አዳራሽ 2600 አካባቢ ይበቃዋል። የሰውየው ሌንስ ግን ከካሜራው ጋር የመጣ ነው፤ ዙም ሲደረግ ከ5.6 በላይ አይከፈትም። በሱ ሒሳቡ አራት እጥፍ ሆኖ 51200 ይመጣል። ካሜራው ደግሞ 6400 ሲያልፍ የሚያወጣው ፎቶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ የጨለመ ፎቶ፣ ወይ እጅና ኳስ የሟሙበት ፎቶ። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ላይ ያገኛል።

በኋላ 50 ሚሊሜትር የሆነች፣ እስከ 1.8 የምትከፈት ትንሽ ሌንስ ገዛ። የድሃ ሰው መድኃኒት ናት። ብርሃን ትስባለች፣ 6400 ላይ ትሠራለች። ግን ዙም የላትም፤ ሰውየው ራሱ ነው ዙም የሚሆነው። ሜዳው አፍ ድረስ መጠጋት አለበት፣ ኳስም ፊቱን መትታው ታውቃለች። ከዚያም ጥራት ያለው ቦታ አንድ እርምጃ ያህል ብቻ ነው፤ ልጅቷ ከዚያ ፈቀቅ ካለች ጀርባዋ ያለው ወንበር ጥርት ይላል፣ እሷ ጭጋግ ትሆናለች። ትልቁን ሌንስ ለመግዛት ሲያጠራቅም ቆይቶ ነበር። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያጠራቀመው ብር ያው ነው፤ ሌንሱ ግን እንደገና ሸሸው።

አምፖሎቹ ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ጉድ ናቸው። የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። እንዲህ ያሉ አሮጌ የጋዝ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የተነሱ አምስት ፎቶዎች አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ጨለማ ሆነው ይወጣሉ። አልፎ አልፎ እዚያው አንድ ፎቶ ላይ የልጅቷ ራስ አረንጓዴ፣ እግሯ ብርቱካን ይሆናል። ይህን የሚያመቻቹ ካሜራዎች አሉ፤ ካኖን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው 7ዲ ማርክ 2 ላይ የመብራቱን ምት ጠብቆ ደማቁ ላይ የሚተኩስ ዘዴ አስገብቷል። ሰውየው ያንን ካሜራ በጓደኛ እጅ አይቶታል። ተመኝቶ መለሰው።

የመብራት መጥፋት ሲጨመርበት ደግሞ ሳቅም ያመጣል። እነዚህ አምፖሎች አንዴ ከጠፉ ትኩስ እንደሆኑ መልሰው አይበሩም፤ መቀዝቀዝ አለባቸው። መብራት ለሁለት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ሄዶ ቢመለስ፣ የሰፈሩ ሱቅ ሁሉ ወዲያው ይበራል፣ አዳራሹ ግን አሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ ይጨልማል። ተጫዋቾች ላባቸው እየደረቀ፣ ጡንቻቸው እየቀዘቀዘ ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ በእንዲህ ያለ ጨለማ ውስጥ ተመልካቹ ስልኩን አብርቶ ዘፈን ጀመረ፤ ሁለቱም ቡድኖች አብረው ዘፈኑ። ሰውየው ያንን ቀን ከስፖርት ሕይወቱ ሁሉ ይወደዋል። ከዚያ ቀን ያተረፈው አንድም ደህና ፎቶ ግን የለም።

ከሁሉም የሚያንገበግበው የፊት ነገር ነው። መብራት ከራስ በላይ ብቻ ሲመጣ ግንባርንና አፍንጫን ያበራል፣ ዓይን ያለበትን ጉድጓድ ያጨልማል። ለማንም ያጨልማል፤ ለጥቁር ፊት ግን ይብሳል። ካሜራ ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ለማድረግ ይጥራል፤ ጀርባው ነጭ ግድግዳና ደማቅ መስኮት ከሆነ፣ እነሱን ለማስተካከል ብሎ ፊቱን ወደ ከሰል ይጥለዋል። ይህ ዝም ብሎ የፊዚክስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ታሪክም አለበት። በፊልም ዘመን ኮዳክ የፎቶ ቤቶች ቀለም የሚስተካከልበት ካርድ ያከፋፍል ነበር፤ በካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፣ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ለዓመታት የዓለም ቆዳ ሁሉ በሸርሊ ቆዳ ተለካ። የድርጅቱ የቀድሞ ባለሙያዎች እንደተናገሩት፣ ፊልሙ የጠቆረ ቡናማን በደንብ እንዲያሳይ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ። ማስታወቂያቸው ላይ ቸኮሌቱና ጠረጴዛው አላምር ብሏቸው። የጥቁር ልጆች እናቶች የትምህርት ቤት ፎቶ ይዘው ቢያለቅሱ ኖሮ ማን ይሰማቸው ነበር?

የዛሬ ካሜራ ከዚያ ብዙ ተሻሽሏል። ጥሩ ብርሃን ካለ ጥቁር ፊት ላይ ያለውን ላብ፣ የሚንቀጠቀጠውን ከንፈር ሁሉ ያወጣል። ብርሃን ካለ።

ለዚህ ምስክሩ ቤልግሬድ ነው። መጋቢት 10 ቀን 2014 በሰርቢያ ዋና ከተማ፣ ሽታርክ አሬና በሚባለው አዳራሽ፣ በዓለም የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች 1500 ሜትር ፍጻሜ ተሮጠ። ጉዳፍ ፀጋይ በ3:57.19 አንደኛ፣ አክሱማዊት እምባዬ ሁለተኛ፣ ሂሩት መሸሻ ሦስተኛ። መድረኩ ከዳር እስከ ዳር የኛ። በማግስቱ ሳሙኤል ተፈራ የኦሊምፒኩን ሻምፒዮን ያኮብ ኢንገብሪግሰንን በሰከንድ ሩብ፣ በ3:32.77 ቀደመው። ኢትዮጵያ በ4 ወርቅ፣ በ3 ብርና በ2 ነሐስ የሜዳሊያ ሰንጠረዡን መርታ ጨረሰች። እንጦጦ ጫካና ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚሮጡ ልጆች፣ ጣሪያ ሥር ባለ የ200 ሜትር መም ላይ ዓለምን አንደኛ ሆነው አሸነፉ።

ሰውየው ያን ሰሞን ሌሊቱን ከቤልግሬድ የወጡትን ፎቶዎች ሲያይ አደረ። ውጤቱን አይደለም፣ ብርሃኑን። የሂሩት ዓይን ይታያል። የጉዳፍ አንገት ላይ ያለው ጅማት ይታያል። ሳሙኤል መስመሩን ሲያልፍ ፊቱ ላይ ደስታ ይሁን ማመን ማቃት ያልለየለት ነገር አለ፤ እሱም ይታያል። እነዚህን ፎቶዎች ያነሱት የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸውን በደንብ ሠሩ፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ሰውየው ራሱን ጠየቀ፦ እነዚህ ልጆች ፊታቸው እንዲህ ጥርት ብሎ እንዲታይ ቤልግሬድ ድረስ መሄድ ነበረባቸው? ሱሉልታ ላይ እንኳ ፀሐይ አለች። ቴኳንዶ የምትወዳደረው፣ መረብ ኳስ የምትጫወተዋ ልጅ ግን ፀሐይም ቤልግሬድም የላትም። ያላት ያ አዳራሽ ነው።

እዚህ ላይ ገንዘብ የለም የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፣ ሀገር ብዙ ጉድለት አለባት፤ ከሆስፒታል በፊት አምፖል የሚል ሰው የለም። ግን እንቁጠረው። ባለ 400 ዋት አምፖል ሃያው ቢበራ 8 ኪሎዋት ነው። ይህ ሁለት ሦስት የእንጀራ ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ መሰካት ነው። ለሦስት ሰዓት ውድድር ሁለት ሦስት ምጣድ! ኤልኢዲ ቢሆን ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ወዲያው ይበራል። ከተማዋስ ብርሃን ጠልታ አይደለም። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና አራት ኪሎ ሌሊቱን እንደ ቀን ሆነዋል። ሰውየው ራሱ ከዚህ ተጠቅሟል፤ ሙሽሮች አሁን ማታ ማታ እዚያ መነሳት ይወዳሉ፣ ፍላሽ እንኳ ሳያስፈልገው ያነሳቸዋል። ደስ ብሎትም ይነሳል፣ ይነዳል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ግን በመንገዱ ላይ አዳራሹን ያልፋል። ውጭው በርቷል። አጥሩ ሳይቀር አምፖል ተሰልፎለታል። ውስጡ ያው ዘጠኝ ነው።

ታዲያ ፍላሽ ለምን አትጠቀምም የሚለው ጥያቄ እዚህ ይመጣል። ሁሉም ይጠይቀዋል። መልሱ ረጅም ነው፣ ሰውየውም መመለስ የማይወደው ጥያቄ ነው።

ፍላሽ በራሱ ኃጢአት አይደለም። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት የስፖርት ፎቶዎች አንዱ የተነሳው በፍላሽ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1965፣ ሉዊስተን በምትባል የአሜሪካ ትንሽ ከተማ፣ ወጣቶች የበረዶ ሆኪ በሚጫወቱበት አዳራሽ ውስጥ መሐመድ አሊ ሶኒ ሊስተንን መሬት ላይ ጥሎ ከላዩ ቆሞ ጮኸበት። ያንን ቅጽበት ያነሳው ኒል ላይፈር የ22 ዓመት ወጣት ነበር። በዚያው መጽሔት የሚሠራው አንጋፋው ኸርብ ሻርፍማን በተቃራኒው ወገን ተቀምጦ ነበር፤ ፎቶው ላይ በአሊ እግሮች መካከል ሲመለከት ይታያል። ላይፈር ዕድለኛ ነበር፣ ቦታው ደረሰለት። ዕድሉን ፎቶ ያደረገለት ግን ከቡጢው መድረክ በላይ የተሰቀለው ፍላሽ ነው። አዳራሹ ትንሽ ነበር፣ ከተማዋም ትንሽ ነበረች። ብርሃኑ ግን ትልቅ ነበር፣ ከላይም ነበር የመጣው፤ የተደባዳቢዎቹ ዓይን ውስጥ አልገባም። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ በትልልቅ የቅርጫት ኳስ አዳራሾች ፎቶ አንሺዎች ፍላሾቻቸውን ጣሪያው ላይ ሰቅለው በሬዲዮ ይተኩሳሉ። ተጫዋቾቹ ለምደውታል፣ የሚያማርር የለም።

የሰውየው ፍላሽ ግን ጣሪያ ላይ አልነበረም። ካሜራው ላይ ነበር፣ የሠርግ ፍላሽ።

ነገሩ የሆነው ከአሥር ዓመት በፊት በሴቶች መረብ ኳስ ፍጻሜ ነው። ሁለት ለሁለት ወጥተው አምስተኛው ዙር ላይ ደርሰዋል። ነጥቡ 13 ለ 13። ሰውየው ያን ቀን ከአራት መቶ በላይ ፎቶ አንስቶ አንዱም ፊት አልነበረውም። በተለይ አንዲት ልጅ ነበረች፤ 7 ቁጥር፣ ኳስ ተቀባይ፣ አጭር፣ እንደሱ ቁመት እንቢ ያላት፣ ግን ወለሉ ላይ እየተንሸራተተች የማትደርስበት ኳስ የሌላት። ያን ቀን ሙሉ እሷን ብቻ ሲከተል ዋለ። እናም ሳይገባበት አሰበ፦ አንዴ ብቻ። ፍላሽ መከልከሉን ያውቃል። ለምን እንደተከለከለም ያውቃል፤ ተጫውቶ ያውቃልና። አንዴ ብቻ አለ፣ ፍላሹን ከቦርሳው አውጥቶ ሰካ፣ ከተቃራኒው ቡድን ጀርባ፣ ልክ ፊት ለፊቷ ተንበረከከ።

ሰርቩ መጣ። ልጅቷ ቀና አለች። ተኮሰ።

ኳሱ ከእጇ አጠገብ ወለሉን መታ። እሷ መዳፏን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። 14 ለ 13። አሰልጣኟ እየጮኸ ወደ ዳኛው ሮጠ፤ ዳኛው ኳሱን ሲከተል ስለነበር ብልጭታውን አላየም፣ ከየት እንደመጣም አላወቀ። በመረብ ኳስ ሕግ ከውጭ የመጣ ነገር ጨዋታውን ካወከ ነጥቡ እንዲደገም ዳኛው ሊያዝ ይችላል። አንድ ሰው እጁን አንስቶ «እኔ ነኝ» ቢል ሊደገም ይችል ነበር። ሰውየው ፍላሹን ነቅሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ቀጣዩ ሰርቭ መጣ፣ የልጅቷ ቡድን ተሳሳተ፣ አለቀ። 15 ለ 13።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዳራሽ ውስጥ ፍላሽ ይዞ ገብቶ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ለሚስቱም አልተናገረም። ኃላፊው ዘንድ እየሄደ ስለ አምፖል መጨቅጨቁ የጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው፤ ከክፍያ ቆጥሮት ይሁን ከማምለጫ፣ እሱም አያውቀውም። አምፖሎቹ ቢበሩ ኖሮ ያን ፍላሽ አያወጣም ነበር። ይህ እውነት ነው። ዝም ያለው ግን አምፖሉ አይደለም።

ፎቶዋ ደግሞ አለች። ከዚያ አዳራሽ ካነሳቸው በሺህ ከሚቆጠሩ ፎቶዎች ሁሉ ጥርት ያለችው እሷ ናት። የጉልበት መከላከያዋ ላይ ያለው ስፌት ሳይቀር ይቆጠራል። ኳሱ አየር ላይ ነው፣ ልጅቷ መዳፏን ገና እያነሳች ነው፣ ዓይኗ ጭፍን ብሏል። ለውድድር ብትላክ ሽልማት ታመጣለች። ለማንም አሳይቷት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ስልኩ ጠራ። የሴት ድምፅ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ድሮ መረብ ኳስ ያነሱ ነበር አይደል? ቁጥርዎን ከድሮ አሰልጣኛችን ነው ያገኘሁት።» ስሟን ስትነግረው አላወቃትም። «7 ቁጥር» ስትለው ቁጭ አለ።

ክለቧ ከፈረሰ ቆይቷል። ጉልበቷ ተጎድቶ እሷም ከዚያ በፊት ነው ያቆመችው። አሁን ባንክ ውስጥ ትሠራለች፣ አግብታለች፣ የአምስት ዓመት ልጅ አላት። «ኳስ ተጫዋች ነበርኩ ስላት ትስቅብኛለች» አለችው። «እማዬ አንቺማ አጭር ነሽ ትለኛለች። አንዲት ፎቶ ብቻ ባገኝ። ስንጫወት ስልክ ይዞ የሚቀርጽ ሰው አልነበረም፣ ቢኖርም አይታይም ነበር። ያን ያህል ዓመት ተጫውቼ አንዲት ፎቶ የለኝም።»

አንዲት ሻይ ቤት ተገናኙ። ላፕቶፑን ከፈተ። ሁሉንም አሳያት፤ ጨለማውን፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን። እሷ ጥላ ከመሰሉት ሰዎች መካከል በአቋማቸው ብቻ እየለየች ስም ትጠራ ጀመር። «ይቺ እንትና ናት፣ አሁን ዱባይ ነች። ይቺ የኛ ካፒቴን። ኧረ ይሄኛው ዳኛ ሞቷል!» እየሳቀች ቆየች። እሱ ግን አልሳቀም። መጨረሻ ላይ ያችን ከፈታት።

ዝም ብላ አየቻት። ረጅም ጊዜ። ከዚያ «ያን ቀን መብራት ዓይኔ ውስጥ ገባ ስል ማንም አላመነኝም» አለች። «አሰልጣኙ ለኔ ሲል ጮኸ እንጂ እሱም አላመነኝም። እኔም በኋላ ራሴን ተጠራጠርኩ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «የእርስዎ ነበር?»

«የኔ ነበር» አላት።

ሻይዋን ጠጣች። ምንም አላለችም። ሰውየው ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ስለ አምፖሉ ሊጀምር፣ ከዚያ ተወው። ይቅርታ ጠየቃት። እሷም እንደ ሀገሩ ወግ «ኧረ ምንም አይደል» አላለችም። «እሺ» ብቻ አለች።

ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችና ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ወደ ጨለማዎቹ። አንዷ ላይ ቆመች። ነጥብ አግኝተው የተቃቀፉበት ነው፤ ስድስት ጥላ ተጣብቆ፣ መሃል ላይ አጭሯ። ፊቷ አይታይም፣ ጥርሷ ግን ትንሽ ብልጭ ይላል። «ይቺን» አለችው። «ይቺ ትብራልኝ።» ብታበራት በርበሬ የተነሰነሰባት ትሆናለች፣ ጥርት ያለችውን ብትወስድ ይሻላል ብሎ ሊነግራት አሰበና እሱንም ተወው።

ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ የቻለውን ያህል አበራት። ፊቷ ከጨለማው ውስጥ ግማሽ ወጣ። በማግስቱ ፒያሳ ወስዶ ለፎቶ አታሚው ልጅ ሰጠው፣ ትልቁን መጠን፣ በፍሬም።

ልጁ ስክሪኑን አይቶ «ጋሼ፣ ፋይሏ ተበላሽታለች መሰለኝ» አለው።

«አልተበላሸችም። እንዲሁ አትማት።»